ጓሳን ማን ጠበቀው? ለሸዋ ሮቢት የሚሆን የመንዝ ታሪክ

ጽሑፉ ረዘም ይላል፤ ቡና ወይ ሻይ ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

ባለፈው እሁድ ሰፈራችን ውስጥ ስብሰባ ነበረን። ከጎርፍ መውረጃው አጠገብ አንዲት ባዶ ቦታ አለች፤ ቆሻሻ የሚጣልባት፣ ፍየል የሚታሰርባት፣ ማታ ማታ ልጆች ኳስ የሚያንከባልሉባት። እሷን የሰፈር መናፈሻ እናድርጋት ነው ነገሩ። ሐሳቡን ያመጡት ወጣቶቹ ናቸው፤ የእድር ሽማግሌዎችም ደስ አላቸው። መዋጮው ላይ እንኳ ብዙ ጭቅጭቅ አልተነሳም። ከዚያ አንዱ ብድግ ብሎ «ምን ዓይነት ዛፍ እንትከል?» አለ። በቃ! አንዱ ኒም፣ አንዱ ማንጎ፣ አንዱ ግራር፣ አንዱ ደግሞ «ቁርቁራ ነው የሚያዋጣው» እያለ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ዛፍ ተከራክረን ተለያየን።

እኔ አንድ ቃል አልተነፈስኩም። ሐሳብ አጥቼ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ያሳፈረኝን ነገር ወደ መጨረሻው እነግራችኋለሁ። አሁን ግን ያው የታሪክ መምህር ነኝና ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። ታሪኩ ከሩቅ አገር አይደለም። ሸዋ ሮቢት ላይ ቆማችሁ ቀና ስትሉ የሚታየው የተራራ ጫፍ ላይ የተሠራ ነው።

እኛ ያለነው ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ ሙቀቱን ታውቁታላችሁ። ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የቦረቦረውን ዋሻ ተሻግራችሁ፣ ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ብትይዙ መንዝ ትገባላችሁ። እዚያ በመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው ሰፊ ደጋ አለ። ስፋቱ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጓሳ ይባላል። ስሙን ያገኘው ከሚያበቅለው ሣር ነው። የዛሬ መጠሪያው የመንዝ ጓሳ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው። ልብ በሉ፣ «ብሔራዊ ፓርክ» አይደለም፤ «የማኅበረሰብ» ነው የሚለው። ዛሬ የማወራችሁም ስለዚህች አንዲት ቃል ነው።

መጀመሪያ የሄድኩ ጊዜ ብርዱ አጥንቴ ድረስ ገባ። እኛ የቆላ ሰዎች እዚያ ስንወጣ መቼም መሳቂያ ነን፤ በስስ ሸሚዝ የሄድኩትን ሰው አንድ አባት አይተውኝ በርኖሳቸውን ደረቡልኝ። ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል። በጭጋጉ ውስጥ ጭላዳዎች ተቀምጠው ሣር ይነጫሉ። ትንሽ ቆይቶ አንድ ቀይ ቀበሮ በመካከላቸው ሲያልፍ አየሁ፤ ማንም አልደነገጠም።

የመንዝ ሰው ጓሳን ለብዙ ነገር ይፈልገዋል። ሣሩ ቤት ይከደንበታል፣ ገመድ ይገመድበታል፣ ለዝናብ ገሳ ይሠራበታል። ቁጥቋጦው ማገዶ ነው። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ ከብትና በግ የሚተርፈው እዚያ ነው። እንግዲህ ጥያቄው ይሄ ነው፦ ሰው ሁሉ የሚፈልገው፣ ብርቱ አጥር የሌለው፣ ዘበኛ ያልቆመለት ሣር እንዴት ሳያልቅ ወደ አራት መቶ ዓመት ቆየ?

የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባላል። (ቃሉ ዛሬ ሌላ ነገር ሊያስታውሳችሁ ይችላል፤ እኔ የምላችሁ የመንዙን ነው።) በአካባቢው ትውፊት መሠረት አስቦ እና ጌራ የሚባሉ ሁለት አባቶች አገሩን አቀኑ፤ ዘመኑም ወደ 17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ይወስደናል። ከእነሱ መወለዱን መቁጠር የሚችል ሰው በጓሳ ላይ አጽመ ርስት አለው። ባለመብቶቹ በሁለቱ አባቶች ስም በሁለት ወገን ይከፈላሉ፤ እያንዳንዱ ወገን የራሱን አለቃ ይመርጣል። አለቃው ከላይ የተሾመ ምስለኔ አይደለም፤ ተጠቃሚው ራሱ የመረጠው ሰው ነው።

አለቆቹ ጓሳ ተዘግቷል ካሉ ተዘጋ ነው። ሣር ማጨድ የለም፣ እንጨት መልቀም የለም፣ ከብት ማስገባት የለም። አንዳንዴ ሦስት ዓመት፣ አንዳንዴም እስከ አምስት ዓመት ይዘጋል። የሚወስነው የሣሩ ዕድገትና የሰዉ ችግር ነው። ሣሩ ሲደርስ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ ይነገራል። ብዙ ጊዜ በጋው ሲጠና፣ የካቲትና መጋቢት አካባቢ ነው። መጀመሪያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከዚያ ከብቱ ይገባል። ክረምቱ ሲመጣ ደግሞ ሁሉም ይወጣል፤ ሐምሌ 5 ቀን፣ የጴጥሮስ ወጳውሎስ ዕለት፣ ጓሳ ይዘጋል። ቀኑን ማንም ሊረሳው አይችልም፤ በዓል ነዋ! ደንብ የተላለፈ ደግሞ ይቀጣል፤ ቅጣቱም የዋዛ አልነበረም።

ይሄን ሥርዓት በደንብ አጥንቶ ለዓለም ያሳወቀው ኢትዮጵያዊው የዱር እንስሳት ባለሙያ ዶክተር ዘለዓለም ተፈራ ነው፤ በእንግሊዝ አገር ኬንት ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራውን የሠራው በዚሁ በጓሳ ላይ ነበር። እኔም ክፍል ውስጥ ስለ ርስት ሳስተምር ከመጽሐፉ ይልቅ ጓሳን ነው የምጠቅሰው፤ ተማሪ ቶሎ ይገባዋል።

አሁን ግን ቆም እንበል። ታሪክ ስናወራ «ድሮ ሁሉ ነገር ጥሩ ነበር» የሚባል በሽታ አለብን። ቄሮ ሣሩን ጠብቋል፤ እውነት ነው። ግን ለማን? ዘሩን እስከ አስቦና ጌራ መቁጠር ለሚችለው። መቁጠር ያልቻለው ሰው እዚያው ተራራ ሥር እየኖረ፣ እዚያው ብርድ እየጠበሰው፣ ከጓሳ ላይ መብት አልነበረውም። የአንዱ ርስት ለሌላው አጥር ነበር።

ስለዚህ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ሲታወጅ ሁለት ዓይነት ስሜት ነው የተሰማው። እኔ የጭሰኛ የልጅ ልጅ ነኝ። አያቴ እዚሁ ይፋት ቆላ ላይ የሰው መሬት አርሰው እኩሌታውን ሲያስረክቡ የኖሩ ሰው ናቸው። ያንን ቀን ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጥ ነበር። «ያን ዕለት ነው ሰው የሆንኩት» ይሉ ነበር። በዚህ ላይ ማንም እንዲያሾፍብኝ አልፈልግም።

ጓሳ ላይ ግን ሌላ ነገር ሆነ። ቄሮ የቆመው በርስት ላይ ነበር። ርስት ሲፈርስ ቄሮም አብሮ ወደቀ። በአዋጁ መሠረት በየ800 ሄክታሩ የገበሬ ማኅበር ተቋቋመ፤ የጓሳ ዙሪያ ማኅበራት አባላት ሁሉ እኩል መብት አገኙ። ይሄ ፍትሕ ነው። ነገር ግን መብቱ ሲሰፋ ደንቡ ጠፋ። የመዝጊያው ቀን የማን ነው? አላፊውን የሚከሰው ማን ነው? የሁሉ የሆነው የማንም ያልሆነ መሰለ። ከብቱ በበዛ ቁጥር፣ ሣሩና ቁጥቋጦው በታጨደ ቁጥር፣ ማረሻውም ከዳር ዳር እየገፋ በመጣ ቁጥር ጓሳ ተጎዳ።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ለእናንተ ባልጻፍኩት። የመንዝ ገበሬ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። በጓሳ ዙሪያ ያሉት የገበሬ ማኅበራት ተወካዮቻቸውን አውጥተው የጋራ ኮሚቴ አቋቋሙ። መዝጋትና መክፈቱን፣ መጠበቁን በአዲስ መልክ ጀመሩት። የድሮው አለቃ በትውልድ ሐረጉ ነበር የሚመጣው፤ አዲሱ ኮሚቴ ግን ዙሪያውን የሚኖረውን ሁሉ ወከለ። በኋላ መንግሥት ተቀየረ፤ እንደ ፍራንክፈርት የእንስሳት ጥበቃ ማኅበር ያሉ ድርጅቶች አገዙ፤ በ2000ዎቹ ደግሞ የአማራ ክልል ለማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራነቱ ሕጋዊ እውቅና ሰጠው። ሕጉ ሥርዓቱን አልፈጠረውም፤ ሰው የፈጠረውን አጸደቀለት። ከማኅበረሰቡ የተመረጡ ጠባቂዎች አሉ፤ ማኅበረሰቡ የሚያስተዳድረው የእንግዳ ማረፊያም ተሠራ።

ያቺን በጭላዳዎቹ መካከል ያለፈችውን ቀይ ቀበሮም አልረሳኋትም። እዚያው ጓሳ ለዓመታት ጭላዳን ያጠኑ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ነገር አለ። ቀይ ቀበሮ ብቻዋን አይጥ ስታድን ከአራት ሙከራ አንዱ ብቻ ይሳካላታል፤ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆና ስታድን ግን ከሦስቱ ሁለቱ ያህሉ ይሳካል። እሷም በፈንታዋ የጭላዳ ግልገል አትነካም። በዓለም ላይ የቀሩት የጎለመሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 አይበልጡም፤ ከእነሱ ጥቂቶቹ ዛሬም ከኛ ራስጌ ያሉት ገበሬው ሣሩን ስለጠበቀ ነው።

ይሄ የመንዝ ብቻ ጥበብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1968 ጋሬት ሃርዲን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር «የጋራ የሆነ ግጦሽ መጨረሻው መጥፋት ነው፤ ሁሉም የራሱን ከብት ይጨምራልና» ብሎ ጻፈ። ብዙ መንግሥታት አመኑት፤ «እንግዲያው ወይ መንግሥት ይውሰደው ወይ ለግለሰብ ይከፋፈል» አሉ። ኤሊኖር ኦስትሮም የምትባል ሴት ግን ዓለምን ዞራ ተቃራኒውን አሳየች። በስዊዘርላንድ ተራራ ላይ ያለች ቶርበል የምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1517 አንድ ደንብ አወጣች፦ ማንም ሰው በብርዱ ወራት ቤቱ ሊመግባቸው ከሚችለው በላይ ላም ወደ ጋራው ግጦሽ እንዳይሰድ። ደንቡ ለዘመናት ሠራ። ኦስትሮም እ.ኤ.አ. በ2009 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ሽልማትን ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ያለችው በአጭሩ ይሄ ነው፦ ሰዎች ራሳቸው ድንበሩን ከለዩ፣ ራሳቸው ደንቡን ካወጡ፣ ራሳቸው ከተጠባበቁና ጥፋተኛውን በየደረጃው ከቀጡ፣ የጋራ ነገር አይጠፋም። የመንዝ አባቶች ይሄን ሲሰሙ «ታዲያ ይሄ ምን አዲስ ነገር አለው?» ይሉ ነበር።

«ቲቸር፣ የመንዝ ብርድ ለይፋት ሙቀት ምን ይጠቅማል?» የምትሉ አላችሁ፤ አውቃችኋለሁ፣ ክፍል ውስጥም እንዲሁ ነበራችሁ። አንደኛ፣ ውሃው አንድ ነው። ከዚያ ተራራ አናት ላይ የሚወርደው ውሃ እኩሉ ወደ ዓባይ፣ እኩሉ በኛ በይፋት በኩል ወደ አዋሽ ይሄዳል። ላይ ሣሩ ካለ ውሃው እየተጣራ ይወርዳል፤ ላይ ከተራቆተ ጎርፍ ሆኖ ይመጣብናል። ሽንኩርታችንም፣ ማሿችንም፣ ማንጎአችንም የሚኖረው በዚያ ውሃ ነው። ሁለተኛ፣ እኛም ባዶ እጃችንን አይደለንም። የአርጎባ ገበሬ በይፋት ገደል ላይ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየደረደረ የሠራውን እርከን ሄዳችሁ እዩት። እርከን የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ የላይኛው ጎረቤት ካብ ከተናደ የታችኛው እርሻ ይሄዳል። ደቦም፣ ወንፈልም፣ እድርም፣ ቅሬም የኛው ናቸው። ሰው ሲሞት እኮ ድንኳን የሚተክለውን፣ ውሃ የሚቀዳውን፣ የቀረውን የሚቀጣውን ማን ነው የሚያዘን? ማንም። ራሳችን ነን።

ታዲያ ለሞት የምናውቅበትን ለዛፍ ለምን አቃተን?

አሁን ወዳፈርኩበት ነገር እመለሳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አረንጓዴ አሻራ የሚባለው ዘመቻ አገሩን ሲያዳርስ፣ እኔና ተማሪዎቼ እዚያችው ከጎርፍ መውረጃው አጠገብ ያለችው ቦታ ላይ ሁለት መቶ ያህል ችግኝ ተከልን። ልጆቹ እየዘፈኑ ቆፈሩ። ፎቶ ተነሳን። እዚሁ ገጼ ላይ ለጥፌው ነበር፤ አንዳንዶቻችሁ «ጎበዝ ቲቸር!» ብላችሁኛል። መስከረም ላይ ተመልሼ ስቆጥር የቀሩት አሥራ አንድ ችግኞች ናቸው። የቀረውን ፍየል በልቶታል።

ደሜ ፈላ። የፍየሎቹን ባለቤት አውቃቸው ነበር፤ ጥላ ሥር ተቀምጠው ቆሎ የሚሸጡ እናት ናቸው። ሄጄ «እማማ፣ ፍየሎችዎ እኮ ችግኞቻችንን ጨረሱት!» አልኳቸው። ቆጣ ብዬ ነው የተናገርኩት፤ አሁን ሳስበው ያመኛል። እሳቸው ግን አልተቆጡም።

«ተቀመጥ እስቲ መምህር» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«እዚህ ቦታ ፍየል ሳስር ሃያ ዓመት አልፎኛል። እናንተ መጥታችሁ ስትቆፍሩ ማን ጠየቀኝ? ብትጠይቁኝ እኮ የምጠብቅላችሁ እኔ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ እዚህ አይደል የምውለው?»

መልስ አልነበረኝም። ስለ ቄሮ በክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ! አባቶች ዘር የማይቆጥረውን ከጓሳ ስላገለሉት ስንት ጊዜ ተችቻለሁ! እኔ ራሴ ግን ቦታዋን ከማንም በላይ የሚያውቋትን ሴት እንደሌሉ ቆጥሬ ነው ችግኝ የተከልኩት። እሳቸውን የዘር ሐረግ አልጠየቅኋቸውም፤ ጭራሽ ምንም አልጠየቅኋቸውም። እና ከእኔና ከድሮው ቄሮ የባሰው የቱ ነው? ቄሮው ቢያንስ ሣሩን ጠብቋል።

ለዚህ ነው ያን ዕለት ስብሰባ ላይ «ኒም ወይስ ማንጎ» ሲባል ዝም ያልኩት። የመጀመሪያው ጥያቄ እሱ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ስህተት ብሆን አርሙኝ፤ የጓሳ ታሪክ እንድንጠይቅ የሚያስገድደን ግን እነዚህን ይመስለኛል፦ «እኛ» ስንል እነማን ነን? ቤት ያለው ብቻ ነው ወይስ ተከራዩም? ፍየል አሳሪዋስ፣ ኳስ የሚጫወተው ልጅስ፣ ቅዳሜ ከገጠር መጥቶ አህያውን እዚያ የሚያሳርፈው ሰውስ? ቦታዋ ስትዘጋ መቼ ትዘጋለች፣ መቼስ ትከፈታለች? ቀኑ ሰው የማይረሳው ቀን ይሁን። ጠባቂውን ማን ይመርጣል? ጥፋተኛ ሲገኝ ቅጣቱ ምንድን ነው፣ የእድሩ ሰብሳቢ ልጅ ቢሆንስ ያው ነው? ደግሞስ ሰው ከዚህ መናፈሻ ምን ያገኛል? የመንዝ ሰው አምስት ዓመት የታገሰው ከመጨረሻው ሣር እንደሚያገኝ ስለሚያውቅ ነው። ያለ ሣር የሚታገስ የለም።

በይፋት ይሄ «እኛ» የሚለው ጥያቄ ከሌላው አገር ይከብዳል። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ አማራውም አርጎባውም ኦሮሞውም አፋሩም የሚገናኝበት አገር ነው። ባለፉት ዓመታት ያየነውን መከራ እኔ እዚህ አልዘረዝርም፤ የሞተብን እናውቀዋለን። ግን ሰው አብሮ የሚጠብቀው አንድ ነገር ቢኖረው፣ አንዲት ጥላ እንኳ ብትሆን፣ ትልቅ ነገር ነው እላለሁ።

ትናንት ከሥራ ስወጣ እማማ ዘንድ ሄድኩ። አሁንም እዚያው ናቸው፤ ከአሥራ አንዱ ችግኞች አንዱ አድጎ ጥላው ሥር ነው የሚቀመጡት። የተረፈው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እሱንማ እኔ ነኝ ውሃ ያጠጣሁት» አሉኝ። ስለ መናፈሻው ነገርኳቸው፤ እሁድ ስብሰባው ላይ ይምጡ ብዬ ለመንኳቸው። ብዙ ዝም ብለው ቆዩና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ።

«መምጣቱን እመጣለሁ። ፍየሎቼስ የት ይሂዱ?»

እኔ ያሰብኩት ነገር አለ። ቦታዋን ለሁለት ከፍለን በተራ እንዝጋት፤ በተዘጋው በኩል የሚበቅለውን ሣር ደግሞ ቀን ቆርጠን፣ ልክ እንደ ጓሳ፣ ለፍየል ባለቤቶቹ እናሳጭዳቸው። ለእሳቸውም ይሄንኑ ነገርኳቸው። «እስቲ እናያለን» አሉኝ፤ ያመኑኝ አልመሰለኝም፤ እውነታቸውን ነው።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ፣ እዚያው ዛፍ ሥር ነን። የሰፈሬ ልጆች ኑ። ሩቅ ያላችሁ የተሻለ ሐሳብ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ አነብላቸዋለሁ። ስለ ዛፉ ዓይነት ግን እባካችሁ አትጻፉልኝ፤ እሱን እማማ ይነግሩናል።

መልካም ሳምንት።